አርምሞ፣ ዘዋሪትና እንቡጥ

እቶን ስለሚባለው ኮከብና በዙሪያው ስለሚዞሩት ዓለማት በመላው መንዝ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለጉራ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ የትኛው ዓለም እንደሚሞቅ፣ የትኛው እንደሚበርድ፣ የትኛው ቶሎ እንደሚያኮርፍ ጠንቅቄ አውቅ ነበር። አንድ ችግር ብቻ ነበረው፤ ኮከቡ የለም። ያን ክረምት ይህን ሊነግሩኝ ይችሉ የነበሩት ሁለት ሰዎች ደግሞ ኮከቡን ከማንም በላይ ይፈልጉት ነበር።

ሁለቱ ሰዎች አያቶቼ ናቸው። አባባ፣ ማለትም ቄስ መርስዔ ኃዘን፣ ከዘመሮ አለፍ ብላ ባለች ትንሽ ደብር ያገለግሉ ነበር። እማማ አማከለች የበግ ጸጉር ይፈትላሉ፤ የፈተሉትን ሸማኔ ባና የሚባል ወፍራም ብርድ ልብስ አድርጎ ይሠራዋል። እናቴ ጌታነሽ ደብረ ብርሃን ዳቦ ቤት ተቀጥራ ስለምትሠራ እኔ የማድገው እነሱ ጋ ነበር።

ያን ክረምት አባባ እማማን ማናገር አቆሙ። እማማም አጸፋውን መለሱ፤ እሳቸውም ዝም አሉ። እኔ ነገሩን ጾም ነው ብዬ ተቀበልኩት። ሥጋ ይጾማል፣ ወተት ይጾማል፤ ቄስ ደግሞ ለነፍሱ ሲል ጨመር አድርጎ ከሚስቱ ጋር ማውራትን ይጾማል ማለት ነው። ለጎረቤታችን ለእትዬ ገበያነሽ "አባባ ወሬ እየጾሙ ነው" ብዬ ስነግራት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ እየተንቀጠቀጠች ወጣች። ጥርሷን ያመማት መስሎኝ በጣም አዘንኩላት።

ኮከቡ የተገኘው በሐምሌ፣ አንድ ምሽት እራት ላይ ነው። ውጭ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ የጓሳ ሣር ክዳናችንን ይደበድባል። እኔና አባባ መደቡ ላይ ሆነን አንድ ገበታ ላይ እንበላለን፤ እማማ ምድጃው ጋ ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀምጠዋል። መሐል ሜዳ የሚማረው የእትዬ ገበያነሽ ልጅ ቃለአብ ለክረምት ዕረፍት መጥቶ ነበርና፣ ቀን የነገረኝ ነገር ሆዴ ውስጥ አላስቀምጥ ብሎኛል።

"አባባ፣ ከዋክብት ሁሉ ፀሐይ ናቸው አሉ። ቃለአብ ነው ያለኝ። እነሱም እንደኛ የሚዞራቸው ምድር አላቸው?"

አባባ ጎርሰው ነበር። ማኘካቸውን አቆሙ። ወጡን አዩት፤ ጣራውን አዩት፤ ወደ ምድጃው ሊዞሩ ብለው አንገታቸውን መለሱት።

"አላቸው!" አሉ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ለምን እንደሚጮኹ አልገባኝም። "እቶን የሚባል ኮከብ አለ። ከሚዞሩት ዓለማት አንዱ አርምሞ ይባላል። የአርምሞ ሰዎች ዛሬ ትልቅ መከራ ላይ ናቸው።"

"ምን ሆኑ?"

"ወጣቸው ጨው የለውም።"

እማማ ከምድጃው ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ "ጽናት፣ ከአርምሞ ጎን ዘዋሪት የምትባል ዓለም እንዳለች አልነገሩሽም?" አሉ። "ሲነጋ ጀምራ ስትዞር ውላ ስትዞር የምታመሽ ናት። ራሷ ዞሮባት ጨው ብትረሳ ምን ይገርማል! የአርምሞ ሰዎች እጅ ካላቸው የጨው ቅሉ ከራሳቸው በላይ ተሰቅሎላቸዋል።"

አባባ እጃቸውን ወደ ላይ ሰደድ አድርገው ቅሉን አወረዱና ወጡ ላይ ነሰነሱ። እኔ ግን ጨውን ልብ ያልኩት ቆይቼ ነው። የደነቀኝ ሁለቱም አንድ ኮከብ ማወቃቸው ነበር። አባባስ መጽሐፍ ያነባሉ፤ እማማ ከየት አወቁት?

ዛሬ ነገሩን አውቀዋለሁ። በሰኔ መጨረሻ እማማ አባባን ሳያማክሩ፣ "ለመስቀል ነይና ልጅቷን ይዘሻት ሂጂ፤ ትምህርት ቤት አስገቢያት" ብለው በመንገደኛ ወደ እናቴ ቃል ልከዋል። ለእኛ የሚቀርበው ትምህርት ቤት ከገደሉ ማዶ ነበር፤ ወንዙ ሲሞላ አያሻግርም፣ ሲጎድል ደግሞ ለትንሽ ልጅ እግር አይሆንም። ፊደሉንና ንባቡን ከአባባ ተምሬ ጨርሻለሁ። አባባ ይህን መልእክት ከሌላ ሰው አፍ ሰሙ። ብድግ ብለው፣ "ከዚህች ሴትዮ ጋር በራሴ አፍም ሆነ በመልእክተኛ አንድ ቃል ብለዋወጥ ግዝት ይሁንብኝ!" አሉ።

በእኛ አገር የቄስ ግዝት እንደ ተራ መሐላ ተምሎ የሚረሳ አይደለም። ያወጣው ቄስ ራሱ፣ የንስሐ አባቱ እስኪፈታው ድረስ ታስሮ ይቀመጣል። አባባ ንዴታቸው የበረደው ገና በዚያው ምሽት ነበር አሉ። ግን የንስሐ አባታቸው አባ ባስልዮስ የታመመች እህታቸውን ሊጠይቁ መርሐቤቴ ወርደው፣ ክረምቱ መንገዱን ዘግቶባቸው እዚያው ቀርተዋል። በቅርብ ያሉትን ቀሳውስት ደግሞ ዳዊት ያስደገሟቸው አባባ ናቸው። ትናንት ጆሮውን ይዘው ያስተማሩት ልጅ ፊት ቀርበው "እባክህ ፍታኝ" ከሚሉ ክረምቱን በአልጫ ወጥ ሊገፉት ቆረጡ። ከባለቤቱ ጋር የተኳረፈ ቄስ መቅደስ አይገባምና ቅዳሴውንም ከውጭ ቆመው ያስቀድሱ ጀመር።

በሰማይ በኩል ግን መንገድ ተገኘ። ለልጅ ስለ ኮከብ ማውራትን ግዝቱ አይነካውም፤ አባባ ቢያንስ እንደዚያ ብለው ራሳቸውን አሳምነዋል። እማማም አልተገዘቱም እንጂ ኩርፊያው ላይ ከባላቸው አያንሱም ነበር።

ከዚያ ምሽት በኋላ የእቶን ዓለማት አንድ ቀን እንኳ ሰላም አላገኙም። በአርምሞ ሰማይ ላይ ቀዳዳ ተገኝቶ የአልጋው እግር ስር ውኃ አቆረ፤ ዘዋሪት ጓሳ የሚያጭድ ሰው እንደምትልክ አስታወቀች። የዘዋሪት ጥጃ ሆዷን ነፋት፤ አርምሞ በምን እንደምትታሸት ተናገረ። በነጋታው እውነተኛዋ ጥጃችን ሆዷ ተነፍቶ ሲታሽላት አየሁና፣ "እዚያም እንደዚሁ ነው የሆነው!" ብዬ ደስ አለኝ። እኔ በመደቡና በምድጃው መካከል ስመላለስ ሁለቱን ሊቃውንት የማከራክር ይመስለኝ ነበር። አለመስማማታቸው አልከፋኝም፤ ቃለአብ የተማሩ ሰዎች ይከራከራሉ ብሎኝ ነበር።

ኮከቡን ማየት ስፈልግ ደጅ እወጣለሁ። የመንዝ ክረምት ጉም ደግሞ እንኳን ኮከብ የራስን በር አያሳይም። "ከጉሙ በስተጀርባ ነው" ይሉኛል አባባ። ጉሙ ቢያንስ ለዚህ ጠቀማቸው።

እማማ የፈተሉትን ጸጉር እየጠቀለሉ ልቃቂት ያደርጉና ከጣራው ማገር ላይ ያንጠለጥሉት ነበር። አይጥ እንዳይደርስበት ነው። እኔ ለየልቃቂቱ ስም ሰጠሁት። ትልቁ ቀይ ዳማ እቶን ሆነ። ጥቁሩ አርምሞ ነው፤ ዳለቻው ዘዋሪት። አንድ ትንሽ ነጭ ልቃቂት ተረፈ። "ይቺስ ማን ትሁን?" አልኩ።

እማማ እንዝርታቸውን አቆሙ። "እሷማ እንቡጥ ናት" አሉ። "አርምሞና ዘዋሪት የሚያሳድጓት ጨረቃ። ራቅ ብሎ ደግሞ ጸዳል የሚባል ብርሃን የሞላበት ዓለም አለ። እንቡጥ ወደዚያ ልትሄድ ነው።"

መደቡ ላይ ዳዊት ይደግሙ የነበሩት አባባ ንባባቸውን አቋረጡ። "አትሄድም!"

"ለምን?" አልኩ እኔ፣ ተመራማሪዋ።

"ገና ትንሽ ናት። ጸዳል ደግሞ ሩቅ ነው፣ ይበርዳል።"

"ከበረዳት የምትለብሰው ይሠራላታል!" አሉ እማማ። "አርምሞ እሷን ይዞ ምን ሊያደርጋት ነው? ጨረቃ ናት እኮ፣ የበር መቀርቀሪያ አይደለችም።"

"ጨረቃ ልብስ ትለብሳለች?" ብዬ ጠየቅሁ። የመለሰልኝ የለም።

ፍልሰታን ሙሉ ወሬው እንቡጥ ብቻ ሆነ። እማማ እንደ ድሮው ለገበያ ሳይሆን ለሌላ ነገር የሚፈትሉ ይመስል ይጣደፉ ነበር፤ ማገሩ በልቃቂት ተሞላ። እኔ አንዴ ለአርምሞ አንዴ ለዘዋሪት እፈርዳለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባባ ወደ ግድግዳው ዞረው ጋደም እንዳሉ፣ "ጽናት፣ እንቡጥ ከሄደች አርምሞ ላይ ማን ይስቃል?" አሉኝ። ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር። ብርድ መታቸው ብዬ ጋቢያቸውን ደረብኩላቸው። የዚያ ጀርባ ነገር አሁን ገብቶኛል። እኚያ የተማሩ ሰው መማሬን ጠልተው አልነበረም። ቤቱ ጭር እንዳይልባቸው ፈርተው ነው።

አዲስ ዓመት በገባ በሳምንቱ አባባ ቤተ ክርስቲያን እንዳሉ፣ እኔና እማማ ወንዝ ውለን ስንመለስ ማገሩ ባዶ ነበር። እቶን የለም። አርምሞ የለም፣ እንቡጥ የለችም። አንድ ብጣሽ ክር ብቻ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። እማማ ቀና ብለው አዩና እንስራቸውን እንዳዘሉ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

"ዓለማቱ የት ሄዱ?" ብዬ ጮኽኩ።

"አርምሞ ዋጣቸው" አሉ፣ እንባቸው እየወረደ። "እንቡጥ ብርዱን ፈርታ እንድትቀር የምትለብሰውን ዋጠው።"

እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ። ሁለታችንም የምናለቅሰው ለአንድ ነገር ይመስለኝ ነበር። ያን ዕለት አመሻሽ ጉሙ ተገፎ ሰማዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርት አለ። ደጅ ወጥቼ እቶንን ፈለግሁት። ከዋክብቱ ብዙ ናቸው፤ ቀይ ዳማው ግን አይታይም። አባባ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቀሚሳቸውን ይዤ፣ "አርምሞ ሌሎቹን ዋጣቸው?" አልኳቸው።

አባባ ጎንበስ ብለው አዩኝ። "አርምሞ አልዋጠም" አሉ። "የሚናገረው ነገር አለው። ይኸኛውን ግን በራሱ አፍ መናገር ይፈልጋል።"

ዓለም አፍ እንዳለው ያን ዕለት ተማርኩ።

በደመራ ዋዜማ እናቴ መጣች። ዳቦ ዳቦ ትሸት ነበር። አዲስ ደብተርና እርሳስ ሰጥታኝ፣ ለምን እንዳመጣችልኝ ሳትነግረኝ እማማን ወደ ጓዳ ይዛ ገባች። ከጓዳ የሰማሁት "ባናው ከሌለ በጋቢም ይሁን" የሚል የእናቴን ድምፅና የእማማን ረጅም ትንፋሽ ብቻ ነው። ብዙም ሳይቆይ አባ ባስልዮስ ከነበቅሏቸው ከበራችን ደረሱ። ወንዙ ጎድሎላቸው ገና መግባታቸው ነው፤ እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነበር።

እናቴ እግራቸውን አጠበችላቸው። አባባ ጥምጣማቸውን አውልቀው ፊታቸው ቆሙ። አባባ ሲቆጡ እንጂ ሲቆጧቸው አይቼ አላውቅምና ፈራሁ።

"ምን ብለህ ገዘትህ?" አሉ አባ ባስልዮስ።

አባባ ነገሯቸው። ጎልቶ የወጣው "በመልእክተኛ" የሚለው ነበር።

"ደግ አድርገህ አጥብቀኸዋል። አንቺስ አማከለች?"

"እኔ አልገዘትሁም፣ አባቴ። ዝም ግን ብያለሁ።"

"ክረምቱን ሙሉ?" አባ ባስልዮስ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩት። "ታዲያ ጣራው እንዴት ተከደነ? ላሚቱ እንዴት ታለበች? እርስ በርስ ሳትነጋገሩ ይህ ቤት እንዴት ቆመ?"

አባባ መሬት መሬት አዩ። እማማ የነጠላቸውን ጥለት ይቆጥራሉ። ለሊቅ ጥያቄ መልስ ሲጠፋ አላስችል አለኝ።

"በእቶን ነው!" አልኩ።

አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አባ ባስልዮስ ግን ወደ እሳቸው ጠሩኝ። ልቃቂቶቹ ስለሌሉ ከጓዳ ድንች፣ ሽንኩርትና ባቄላ አምጥቼ እግራቸው ስር ደረደርኩ። ሽንኩርቱ እቶን ነው፤ ትልቁ ድንች አርምሞ፣ ሌላው ዘዋሪት፣ በሩ ጋ ያለው ጸዳል፣ ትንሿ የባቄላ ፍሬ እንቡጥ። የጨውን መከራ፣ የሰማዩን ቀዳዳ፣ የጥጃዋን ሆድ፣ አንዱንም ሳላስቀር ተረክሁላቸው።

"የአርምሞ ሰዎች ምን ዓይነት ናቸው?" አሉ አባ ባስልዮስ።

"ደግ ናቸው፤ ግን ይኮራሉ።"

"የዘዋሪትስ?"

"እነሱም ይኮራሉ፤ ግን ምግብ ያበስላሉ።"

ጢማቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚጸልዩ መስሎኝ ዝም ብዬ ጠበቅኋቸው። ሲጨርሱ በመቋሚያቸው ጫፍ ባቄላዋን ነካ አደረጓት። "እንግዲህ አንቺ አዋቂዋ ፍረጂ። ይቺ የት ትሁን? አርምሞ ጋ ትቅር ወይስ ወደ ጸዳል ትሂድ?"

እናቴ የእማማን እጅ ይዛለች። ሁሉም ስለ አንዲት የባቄላ ፍሬ ይህን ያህል መጨነቃቸው አኮራኝ።

"ጨረቃ መዞር ካቆመች ትወድቃለች" አልኩ። ይህን የነገረኝ ቃለአብ ነው። "ስለዚህ አትቅር። ግን አትጠፋም። በጸዳል በኩል ትዞርና ብርሃን ይዛ በአርምሞ በኩል ትመለሳለች። ደግሞ ትሄዳለች፣ ደግሞ ትመለሳለች። እንዲህ።" ባቄላዋን ይዤ በሁለቱ ድንቾችና በበሩ መካከል ዞርኩ። ስመለስ አባባ እግር ጋ ቆምኩ።

እማማ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እናቴ በቅሎዋን ላስር ብላ ወጣች፤ በቅሎዋ ታስራ ነበር።

"መርስዔ ኃዘን፣ ሰማህ?" አሉ አባ ባስልዮስ።

"ሰማሁ፣ አባቴ።"

መስቀላቸውን የአባባ ግንባር ላይ አሳርፈው፣ "እግዚአብሔር ይፍታህ" አሏቸው። "ቀኖናህ ይህ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ እስክትሞት ድረስ አማከለች የሠራችውን ወጥ 'ጥሩ ነው' ትላለህ።"

"ጨው ቢያንሰውም?"

"ጨው ቢያንሰውም።"

ሁላችንም አባባን እናያለን። እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ደግመው ጠረጉ። ከዚያ ወደ እማማ ዞረው፣ ክረምቱን ሙሉ ያልጠሩትን ስም ጠሩ።

"አማከለች።"

"አቤት" አሉ እማማ። ድምፃቸው የሙሽራ ድምፅ ነበር።

"ሸማኔው ዓምደ ሚካኤል ባናውን ጨርሶታል። ነገ ሰው ልከሽ አስመጪው። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው።"

እማማ ከተቀመጡበት ተነሡ። መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ የአባባን ደረት በቡጢ መቱ፤ ከዚያ እዚያው ደረታቸው ላይ ግንባራቸውን ደገፉና ቀሩ። ሽማግሌዎች እንዲህ ሲሆኑ አይቼ ስለማላውቅ ተጣሉ ብዬ አባ ባስልዮስን ጎተትኳቸው። "ተያቸው" አሉኝ፣ "ዓለማቱ እየገጠሙ ነው።"

በነጋታው ባናው መጣ። ጥቁር መደብ፣ ዳለቻና ቀይ ዳማ መስመር፣ ዳር ዳሩን አንድ ቀጭን ነጭ። ሳየው ወዲያው ለየኋቸው። "እቶን!" ብዬ ጮኽኩ፤ ዓለማቱ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበሩ። በዚያው ሳምንት ተጠቅልዬበት አውቶቡስ ላይ ወጣሁ።

ለብዙ ዓመታት አባባን ያሸነፍኳቸው በባቄላ ፍሬ ይመስለኝ ነበር። ደብረ ብርሃን ፊዚክስ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላም ተማሪዎቼ ፊት ስቆም፣ በሰባት ዓመቴ የመጀመሪያውን ክርክር ረትቻለሁ ብዬ በልቤ እኮራለሁ። አምና ለጥምቀት አገር ቤት ስገባ ግን ሸማኔው ጋሽ ዓምደ ሚካኤል አጥሩ ጋ አገኘኝና፣ "ያ ባና አለ?" አለኝ።

"አለ። መቼም አይበጠስ።"

"አይበጠስማ! አያትሽ እንዲያ እያስጨነቁኝ! ልቃቂቱን በጋቢያቸው አዝለው አመጡና 'ለመስቀል አድርስልኝ፤ ልጅቷ ደብረ ብርሃን ልትማር ስለምትሄድ ወፈር ይበል' አሉኝ። በየቀኑ ከቅዳሴ ሲመለሱ እየመጡ በጣታቸው ይለኩት ነበር። አይበቃም፣ ጨምርበት ይሉኛል።"

አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ያ ማገር ባዶ የሆነው አባ ባስልዮስ ከመምጣታቸው በፊት ነበር፤ እኔ ድንቼን ከመደርደሬም በፊት። አባባ ብቻቸውን ወስነው፣ የሚናገሩበት አፍ ታስሮባቸው፣ እማማ ሲያለቅሱ እያዩ ጠብቀዋል። ጨውን በእቶን በኩል ጠይቀዋል፤ ጥጃን በእቶን በኩል አክመዋል። "ትሂድ" የሚለውን ግን ለሚስታቸው በገዛ አፋቸው ሊነግሯቸው ፈለጉ።

ዘንድሮ መስቀል ሲቃረብ ስልኬ ጠራ። አባባ ናቸው። አሁን ጆሯቸው ስለደከመ ይባስ ብለው ይጮኻሉ።

"ጽናት! ከአርምሞ ነው የምደውለው! ዘዋሪት፣ እንቡጥ መቼ ነው የምትደርሰው እያለች አላስተኛ አለችኝ!"

ከኋላቸው የእማማ ድምፅ መጣ፤ "ኧረ እኔ አልጠየቅሁም! ራሳቸው ናቸው ከጠዋት ጀምረው መንገድ መንገድ የሚያዩት! ደግሞ ወጡ ጥሩ ነው አላሉም ዛሬ!"

"ጥሩ ነው! ጥሩ ነው ብያለሁ!"

"አባባ፣ ተኳርፋችኋል እንዴ?" አልኩ እየሳቅሁ።

"የለም፣ የለም፣ ለምዶብን ነው። መቼ ነው የምትመጪው?"

መናኸሪያ ውስጥ የመሐል ሜዳ አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቷል፤ ረዳቱ ባናዬን ከጣራው ላይ ሊጭነው ሲል እምቢ ብዬ ታቅፌዋለሁ።

"እየዞርኩ ነው፣ አባባ" አልኳቸው።